ካቻምና፣ አምና፣ ዘንድሮ፦ የዋልታ ባሕር ዳርቻ አየር ስለሚሸከመው ድኝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀዋሳ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የድኝን ዑደት በማስተምርበት ሳምንት ሰሌዳው ላይ ባሕር፣ በረዶና ደመና እሥላለሁ፤ በቀስት አያይዛቸውና ቀስቱ ላይ አንድ ቁጥር እጽፋለሁ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ይሄ ቁጥር የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን መልስ አጣሁ። የጻፍኩት አማካይ ነበር፤ የዘንድሮም የአምናም ያልሆነ ቁጥር። ከዚያ ወዲህ ከተማሪም፣ ከመምህራን ማረፊያም፣ ከዘመድም የሰበሰብኳቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ አስቀምጫለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የራሳችንን ስጠቀም እናገራለሁ።

ድኝ ማለት የዳሎሉ ቢጫ ነገር አይደለም እንዴ? አንታርክቲካ ምን ወሰደው?

ንጥረ ነገሩ ያው ነው፤ አመጣጡ ግን ይለያል። ዳሎል ላይ የምናየው ከምድር ሆድ የወጣ ነው። «እሳትና ድኝ» ስንልም ሰዶምና ገሞራ እንጂ ባሕር ትዝ ብሎን አያውቅም። የዋልታ ባሕር ዳርቻ አየር ውስጥ በበጋ የሚገኘው የተፈጥሮ ድኝ ግን አብዛኛው ሕይወት ካለው ነገር የሚመጣ ነው። ባሕሩ ላይ የሚንሳፈፉ፣ በዓይን የማይታዩ ፋይቶፕላንክተን የሚባሉ ደቂቅ ነገሮች አሉ፤ እንደ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ያዘጋጃሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በሰውነታቸው ውስጥ ድኝ ያለበት ዲኤምኤስፒ የተባለ ውህድ ያከማቻሉ።

ለምን ያከማቻሉ? ቲማቲም ከትፋችሁ ጨው ነስንሱበትና ጥቂት ቆዩ፤ ውሃው ወጥቶ ሳህኑ ላይ ይጠራቀማል። ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚኖር ሕዋስም የሚያሰጋው ይኸው ነው። ዲኤምኤስፒ ከውስጥ ሆኖ ውሃው ተስቦ እንዳይወጣ ይይዛል፤ ቅዝቃዜንም ለመቋቋም ይረዳል። የባሕር ውሃ ሲረጋ ጨዉ በረዶው መካከል ባሉ ጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ ስለሚከማች፣ እዚያ የሚኖሩት ደቂቅ ነገሮች ከሌሎቹ የበለጠ ይህ ውህድ ያስፈልጋቸዋል። ሕዋሱ ሲሞት፣ ሲበላ ወይም ሲፈነዳ ውህዱ ወደ ውሃው ይፈስሳል። ከፊሉን ባክቴሪያዎችና ራሳቸው ፋይቶፕላንክተኖቹ ሰባብረው ዲሜቲል ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ያደርጉታል። ከዚህ በኋላ በአጭሩ ዲኤምኤስ እለዋለሁ።

ጋዙ ከባሕር ከወጣ በኋላ የት ይደርሳል?

በመጀመሪያ፣ አብዛኛው አይወጣም። ባክቴሪያ ይበላዋል፣ ብርሃን ይሰባብረዋል፤ ወደ አየር የሚያመልጠው ጥቂቱ ነው። ያመለጠው ደግሞ ፀሐይ ባለችበት ወቅት አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ ነው። ሃይድሮክሲል የተባለው የአየር «አጣቢ» ያገኘውና መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ መንገድ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሆኖ በመጨረሻ ሰልፌት የተባለ ብናኝ ይሆናል። በሌላው ደግሞ ሜታንሰልፎኒክ አሲድ ይሆናል፤ በአጭሩ ኤምኤስኤ።

ብርድ ሁለተኛውን መንገድ ያበረታል። ሞቃት ውቅያኖስ ላይ የኤምኤስኤ መጠን የሰልፌቱን አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም፤ ዋልታ አካባቢ ግን ድርሻው በብዙ እጥፍ ያድጋል። ይህ ነጥብ ኋላ ስለሚያስፈልገን ያዙልኝ፦ ሰልፌት ከፋብሪካም፣ ከእሳተ ገሞራም፣ ከባሕር ጨውም ይመጣል። ኤምኤስኤ ግን እናቱ አንድ ናት፤ ዲኤምኤስ።

ማን ነው እዚያ ቁጭ ብሎ የሚለካው?

በአንታርክቲካ ዳርቻ ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚከርምባቸው ጣቢያዎች አሉ። ጀርመኖች በኖየማየር ጣቢያ ከ1983 ጀምሮ የአየሩን ብናኝ በማጣሪያ ሲሰበስቡ ኖረዋል። ፈረንሳዮች በአዴሊ ምድር፣ ከደቡብ 66 ዲግሪ በታች፣ ዱሞን ዱርቪል የተባለ ጣቢያ አላቸው፤ እዚያ ብናኙን ብቻ ሳይሆን ጋዙን ራሱን ከ1998 መጨረሻ ጀምሮ መከታተል ጀምረዋል። የእንግሊዞቹ ሃሌይም አለ፤ ከ2017 ጀምሮ ግን እዚያ በክረምት ሰው አይከርምም።

ዱሞን ዱርቪል ደሴት ላይ ስለሆነ ጎረቤቶቹ ፔንግዊኖች ናቸው። የፔንግዊን ኩስ አሞኒያ ያተናል፤ ማጣሪያው ላይም ምልክቱ በበጋ በግልጽ ይታያል። የዶሮ ቤት ያለው ሰው ይገባዋል። እንግዲህ ንጹሕ የሚባለው የዓለም ጥግ አየር ይህ ነው።

እንዴት ይለካል?

ብናኙ ቀላል ነው፦ አየሩን በፓምፕ ስቦ በማጣሪያ ማሳለፍ፣ ማጣሪያውን በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ውሃውን አዮን ክሮማቶግራፊ በተባለ መሣሪያ መመርመር። ጋዙ ግን መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው። በክረምቱ ጨለማ ከትሪሊዮን የአየር ሞሌኪውሎች መካከል ጥቂት ብቻ ይገኛል፤ በበጋ አጋማሽ ከመቶ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ በቅዝቃዜ አጥምዶ ማከማቸት፣ ከዚያ በጋዝ ክሮማቶግራፊ መለየት ያስፈልጋል።

ችግሩ ሰልፌት ላይ ነው። የባሕር ውሃ ራሱ ሰልፌት አለበት፤ ማዕበል ሲረጭ አብሮ ይበናል። ይህንን ለመቀነስ ሶዲየምን እንደ ምስክር ይጠቀማሉ። በባሕር ውሃ ውስጥ ለአንድ ግራም ሶዲየም 0.25 ግራም ያህል ሰልፌት አለ፤ ማጣሪያው ላይ ያለውን ሶዲየም በዚህ አባዝቶ ከጠቅላላው መቀነስ ነው። የተረፈው ከባሕር ጨው ያልሆነ ሰልፌት ይባላል።

ታዲያ በክረምት ስሌቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የእኔ ተማሪዎች መልስ ኔጌቲቭ ሲመጣባቸው ተሸማቀው ይሰርዙታል። እነዚያ ተመራማሪዎች ግን አልሰረዙትም፤ ከኔጌቲቩ ጀርባ እውነት ተደብቆ ነበር። የባሕር በረዶ ከዜሮ በታች ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ሚራቢላይት የሚባል የሶዲየምና የሰልፌት ጨው በበረዶው መካከል ካለው ጨዋማ ፈሳሽ ተለይቶ ይወርዳል። የሚቀረው ጨዋማ ፈሳሽ ሰልፌቱ ጎድሏል። ነፋስ ከዚያ ላይ የሚያነሳው ብናኝ ደግሞ 0.25 የሚለውን ሕግ አያውቀውም። ስለዚህ በክረምት መለኪያው ራሱ መለወጥ አለበት። ይህን ያላስተካከለ ሰው ዓመትን ከዓመት ሲያወዳድር የዲኤምኤስን ለውጥ ሳይሆን የበረዶውን ለውጥ ሊያነብ ይችላል።

እሺ፣ ከዓመት ዓመት ለምን ይለያያል?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም አንድ አይደለም።

በበረዶው እንጀምር። በአንታርክቲካ ዙሪያ ያለው የባሕር በረዶ በመስከረም አካባቢ 18 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በየካቲት ወደ 3 ሚሊዮን ይወርዳል። ይህ አማካዩ ነው። በ2014 ጣሪያው ከ20 ሚሊዮን አለፈ። በ2023 የካቲት ደግሞ ወለሉ ከ1.8 ሚሊዮን በታች ወረደ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ!

በረዶ ሲበዛ ድኝ ይበዛል ወይስ ያንሳል? ብዙ ሰው አንድ መልስ ይፈልጋል። እኔ ግን የሲዳማን ገበሬ እንድታስቡ እፈልጋለሁ። ዝናቡ ስንት ሚሊ ሜትር ጣለ ብላችሁ ብትጠይቁት «መቼ ገባ? መቼ ወጣ?» ብሎ ይመልስላችኋል። በረዶውም እንዲያ ነው። ክረምቱን በሰፊው ተዘርግቶ በጊዜው የቀለጠ በረዶ በውስጡ ያኖራቸውን ደቂቅ ነገሮች ከነዲኤምኤስፒያቸው ወደ ባሕሩ ይለቃል። የቀለጠው ውሃ ጨዉ ያነሰ፣ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ፋይቶፕላንክተኖቹም ብርሃን ባለበት ላይኛው ንብርብር ይቆያሉ። በረዶው ያጠመደው ብረትም አብሮ ይለቀቃል፤ ደቡባዊው ውቅያኖስ ብረት የተራበ ባሕር ነው። ይህ ሁሉ ድኝን ያበዛል። ግን ያው በረዶ እስከ ጥር ድረስ አልሄድ ካለ፣ ባሕሩን እንደ ድስት ክዳን ይከድነዋል፤ ክፍት ውሃው ከጣቢያው ይርቃል፤ ጋዙ ቢወጣም ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል። «ብዙ በረዶ» የሚለው አንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ ነገር ያደርጋል ማለት ነው።

ዱሞን ዱርቪል አካባቢ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። በየካቲት 2010 የመርትዝ የበረዶ ምላስ (ከመሬት ወደ ባሕሩ የተዘረጋ ግግር በረዶ) በሌላ ተንሳፋፊ ግግር ተገጭቶ ተሰበረ፤ 78 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ደሴት ሆኖ ተንሳፈፈ። ምላሱ ቀድሞ የባሕር በረዶን ከምሥራቅ ያግድ ነበር። ከተሰበረ በኋላ በጣቢያው ዙሪያ ያለው በረዶ አመሉ ተለወጠ፤ በአንዳንድ ዓመት በበጋም አልለቅ አለ። ፔንግዊኖቹ ምግብ ፍለጋ በበረዶው ላይ ሩቅ ስለሄዱ በ2013/14 በጋ ጫጩቶቻቸው በሙሉ አለቁ። ከ2010 በፊትና በኋላ የተለካን አየር ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ዘንግቶ ከሆነ ስለ ዓለም የአየር ንብረት የደረሰበት ድምዳሜ የአንድ ሰፈር ወሬ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ማን አበበ የሚለው ነው። ሁሉም ፋይቶፕላንክተን እኩል ድኝ አይሠራም። ዳያተም የሚባሉት፣ የመስታወት ቅርፊት ያላቸው፣ በአብዛኛው ቆጣቢ ናቸው። ፌኦሲስቲስ የሚባለው፣ ዝልግልግ ጉብጉብ ሠርቶ የሚንሳፈፈው፣ ለጋስ ነው። ባሕሩ ከሳተላይት ሲታይ ሁለት ዓመት እኩል አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ዓመት የዳያተም፣ ሌላው የፌኦሲስቲስ ከሆነ ግን የአየሩ ድኝ እኩል አይሆንም። ስለዚህ አረንጓዴነትን ብቻ አይቶ ድኝን የሚገምት ሞዴል እኔን አያሳምነኝም። ማን በላቸው የሚለውም አለ፦ ክሪል የሚባለው ትንሽ ሽሪምፕ መሰል እንስሳ ሲግጥ ሕዋሶቹን ያፈነዳል፤ ውህዱም በአንድ ጊዜ ይፈስሳል።

ነፋስ ቀጥሎ ይመጣል። ነፋስ ሲበረታ ጋዝ ከውሃ ወደ አየር ቶሎ ይወጣል። ግን ከየት የሚነፍስ ነፋስ? የአዴሊ ምድር ዳርቻ ከአህጉሩ ከፍታ ተንደርድሮ በሚወርድ ነፋስ የታወቀ ነው። ይህ ነፋስ የባሕሩን አየር ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከዚህም ሌላ በበጋ ከበረዶው ከፍታ ላይ የተሠሩ ንቁ ጋዞችን ይዞ ይመጣል፤ እነሱ ዲኤምኤስን ቶሎ ይፈጁታል። እንግዲህ ባሕሩ ያው ሆኖ፣ ነፋሱ አቅጣጫ ስለለወጠ ብቻ ጋዙ ሊያንስ፣ ሰልፌቱ ሊበዛ ይችላል። በዱሞን ዱርቪል ከ1999 እስከ 2003 የሠሩት ሰዎች የባሕሩን ውሃ፣ ጋዙን፣ ኤምኤስኤውንና ሰልፌቱን አንድ ላይ የተከታተሉት ለዚህ ነው። አንዱን ብቻ ይዞ መጥቶ «ዘንድሮ ባሕሩ ሰነፈ» ማለት አይቻልም።

አንድ ዓመት የሚባለው ከየት እስከ የት ነው?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ መልሱ ለእኛ የሚያደላ ስለሆነ። የአንታርክቲካ በጋ ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ላይ ነው። የፈረንጁ ዓመት በዲሴምበር 31 ሲያልቅ በጋውን ከመሃሉ ይቆርጠዋል። «የ2002 አማካይ» ብትሉ የአንዱ በጋ ጅራትና የሌላው በጋ ራስ ተሰፍቶ የተሠራ እንስሳ ይሆናል። ተመራማሪዎች ለዚህ «2001/02» እያሉ ይጽፋሉ።

በእኛ አቆጣጠር ግን ያ በጋ ሙሉውን 1994 ነው። መስከረም ሲጠባ የባሕሩ በረዶ ጣሪያው ላይ ነው፤ በኅዳር ይሳሳል፤ በጥር ጋዙ ይበዛል፤ በየካቲት በረዶው ወለሉን ይነካል፤ ግንቦትና ሰኔ ጨለማ ናቸው፤ ጳጉሜን ሲያልቅ በረዶው እንደገና ሞልቷል። ማንም ለአንታርክቲካ ብሎ አላወጣውም፤ ግን ልክ ይመጣል። ተማሪዎቼ ግራፉን ከመስከረም ጀምረው እንዲሥሉ የማደርገው ለዚህ ነው፤ አንድ ጉብታ፣ መሃል ላይ፣ ሳይቆረጥ።

እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ሁሉን አያደባልቀውም?

ያደባልቃል፣ ግን መለየት ይቻላል። በሰኔ 1991 ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ ፈነዳ፤ ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ቶን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወደ ላይኛው ከባቢ አየር ወረወረ። በነሐሴ ወር ቺሊ ውስጥ ሁድሰን ተከተለ፤ እሱ ለአንታርክቲካ የበለጠ ቅርብ ነበር። ያኔ የሰልፌት መዝገብ ላይ እንግዳ ጭማሪ ቢታይ አያስገርምም። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት እዚህ ይጠቅማል፦ እሳተ ገሞራ ኤምኤስኤ አይሠራም። ሰልፌት ጨምሮ ኤምኤስኤ ካልጨመረ ከባሕሩ አይደለም።

ሰሜን ዋልታስ?

ሰሜኑ የተለየ ታሪክ ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። እዚያ ባሕሩ በአህጉራት የተከበበ ስለሆነ በክረምት መጨረሻና በፀደይ የፋብሪካ ጭስ ተጠራቅሞ አርክቲክ ጭጋግ የሚባለውን ይፈጥራል። ሰልፌትን ብቻ የሚያይ ሰው የሚያየው በአብዛኛው የሰውን ሥራ ነው። በካናዳ አለርት፣ በስቫልባርድ ኒ ኦለሱን የሚለኩት ለዚህ በኤምኤስኤ ይተማመናሉ። የበጋው በረዶ እየሳሳ ሲሄድ ክፍት ውሃው ይሰፋል፤ በሳተላይት የተደረገ ጥናትም ከ1998 እስከ 2016 ባለው ጊዜ በሰሜኑ ጫፍ ባሕር የበጋ ዲኤምኤስ ልቀት በየአሥር ዓመቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ እንደጨመረ አሳይቷል።

ጣቢያዎቹ ከመኖራቸው በፊት የነበረውን ዓመት ማወቅ ይቻላል?

በከፊል። ኤምኤስኤ ከበረዶ ጋር ይወርድና በየዓመቱ ንብርብር ተቀብሮ ይቀራል። በ2003 የታተመ ጥናት ላው ዶም ከተባለ የአንታርክቲካ ቦታ ተቆፍሮ የወጣ የበረዶ ምሰሶ አንብቦ፣ ከ1950ዎቹ ወዲህ በዚያ በኩል ያለው የባሕር በረዶ ወደ 20 በመቶ ቀንሷል አለ። መነሻው ብዙ በረዶ ብዙ ኤምኤስኤ ይሰጣል የሚል ነው። ይህ ላው ዶም ላይ ያስኬዳል። ወደ ዌደል ባሕር ስትሄዱ ግን ነፋሱ ከመሬት ወደ ባሕር ስለሚያደላ ዝምድናው ይገለበጣል። በዚያ ላይ ኤምኤስኤ ከተቀበረ በኋላ በንብርብሮቹ መካከል ይንቀሳቀሳል፤ በበጋ የወረደው በክረምቱ ንብርብር ውስጥ ይገኛል። በረዶ ጥሩ መዝገብ ቤት ነው፤ መዝገብ ቤት ግን ፋይል እንደሚያዛውር ጉዳይ ያለው ሁሉ ያውቃል።

ይህ ድኝ ምድርን ያቀዘቅዛል ይባላል። እውነት ነው?

ከዲኤምኤስ የሚሠራው ብናኝ የደመና ጠብታ የሚቋጠርበት ፍሬ ይሆናል፤ ይህ እርግጥ ነው። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጄምስ ላቭሎክ በ1971 መጨረሻ ሻክልተን በተባለች መርከብ ከእንግሊዝ ወደ አንታርክቲካ ሲጓዝ ባሕሩ ውስጥ ዲኤምኤስን ለካ፤ ውጤቱ በ1972 ታተመ። በ1987 ቻርልሰን፣ አንድሬና ዋረን ከተባሉ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ አንድ የሚያምር ሐሳብ አቀረበ፦ ባሕሩ ሲሞቅ ፋይቶፕላንክተን ብዙ ጋዝ ያወጣል፣ ደመናው ይነጣል፣ ፀሐይ ትመለሳለች፣ ባሕሩ ይቀዘቅዛል፤ ሕይወት ራሷ ቴርሞስታት ናት።

ሐሳቡ ለብዙ ዓመት ምርምር መነሻ ሆኗል፤ በ2011 ግን ኩዊንና ቤትስ የተባሉ ተመራማሪዎች የእያንዳንዱን እርምጃ ማስረጃ ፈትሸው ቴርሞስታቱ እንደታሰበው እንደማይሠራ ጻፉ። የደመና ፍሬ ከባሕር ጨውና ከሌሎች ነገሮችም ይመጣል። የእኔ አስተያየት? ከላይ ያየነው የዓመት ለዓመት መዋዠቅ ለዚህ ክርክር ትልቁ ፈተና ነው። ሙቀቱ እምብዛም ሳይለወጥ ድኙ በእጥፍ የሚዋዥቅ ከሆነ የቴርሞስታቱ ቁልፍ በሙቀት እጅ ብቻ አይደለም፤ በበረዶውም፣ በነፋሱም፣ በክሪሉም እጅ ነው።

በአምስት ዓመት ልኬት ጨመረ ወይም ቀነሰ ማለት ይቻላል?

አይቻልም።

የሀዋሳ ሐይቅስ ይህን ጋዝ ያወጣል? ሽታው የሚሸተን እሱ ነው?

አሞራ ገደል ሄዳችሁ የሚሸታችሁ ዓሣ ነው፤ እሱን ሳይንስ አያስፈልገውም። ዳር ዳሩ ጭቃው ሲረገጥ የሚወጣው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ደግሞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ የድኝ ቤተሰብ ቢሆንም ሌላ ጋዝ። ሐይቃችን ጨዋማ ስላልሆነ በውስጡ ያለው አልጌ ዲኤምኤስፒ ለማከማቸት ምክንያት የለውም፤ እንደ ባሕሩ አያመርትም።

ዲኤምኤስን በትክክል ማሽተት የፈለገ ግን ሩቅ መሄድ የለበትም። በጾም ቀን ጥቅል ጎመን ሲበስል ከድስቱ የሚወጣው ሽታ ውስጥ አለ። ከሁሉ የሚሻለው ግን በቆሎ ነው፤ የተቀቀለ በቆሎን ሽታ የበቆሎ ከሚያደርጉት ዋናዎቹ አንዱ ይኸው ጋዝ ነው። አንታርክቲካ ባሕር ላይ የሚበርሩ አንዳንድ ወፎች ይህን ሽታ ተከትለው ክሪል ያለበትን ባሕር እንደሚያገኙ ጋብርኤል ኔቪት የተባለች ተመራማሪ በ1995 አሳይታለች። ማታ ሐይቁ ዳር ስትንሸራሸሩ በቆሎ የሚቀቅሉት እናት ክዳኑን ሲያነሱ ጠጋ በሉ። በመጀመሪያው እንፋሎት ላይ ነው የሚበረታው፤ ቶሎ ይጠፋል።